አይከፈት የተባለው ፊት

መስከረም 21

ለጩጬው፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። አባባ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ ብርሃኑ ትንሽ ተመልሶለታል፤ የሰው ቁመና ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። ቢሆንም ከስቱዲዮው በር አጠገብ ካለው ወንበሩ አልነሣም ብሏል። ደንበኛ ሲገባ በእርምጃው ያውቀዋል፤ ካላወቀውም እንዳወቀ ሆኖ ያወራዋል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የወረቀቱና የቀለሙ ካርቶን ከማተሚያ ቤታችሁ በጊዜው ደርሶኛል። ደብዳቤህን ግን እንደ ልማድህ ከቀለም ጠርሙሶቹ ሥር ስለቀበርከው ሦስት ቀን ሳላየው ቆየሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ይሉናል። በስልክ ሳወራህ አባባ ጆሮውን አቁሞ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ግማሹን እውጠዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

“ስቱዲዮ ውስጥ ያን የሚያህል ኮምፒውተር እያለሽ በእጅ የሚያዝ ታብሌት ምን ይፈይድልሻል?” ብለሃል። ልንገርህ።

ልጆች ሆነን መርፌ ይወጉን የነበሩት ድቡሏ ሲስተር ባለፈው ክረምት ቤታቸው ውሃ ገባ። ከሣጥናቸው ውስጥ የራሰ ፎቶ አውጥተው በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። የነርስነት ትምህርት የጨረሱ ዕለት የተነሡት ነው፤ ሃያ ሁለት ልጃገረዶች ነጭ ቆብ አድርገው በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ውሃው ያልነካው ፊት አራት ብቻ ነው። የቀረው ተልጧል፣ ተጣብቋል፣ አንዳንዱ ጋ ጨርሶ ባዶ ወረቀት ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ከሃያ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም እዚሁ ከተማ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹ የእኛን ደረጃ አይወጡትም።

ስለዚህ የማደርገው ይህን ነው። ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ አንድ ቅንድብ እሥላለሁ፣ አትማለሁ፣ ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። “አይ ልጄ፣ የእሷ ቅንድብ እንዲህ የተቀነደበ አልነበረም፣ ጎፈር ያለ ነው” ይሉኛል። እመለሳለሁ፣ አጎፍራለሁ፣ አትማለሁ፣ እሄዳለሁ። “አሁን ደግሞ የአጎቷን አስመሰልሻት።” ለአንድ ቅንድብ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመሐል አንዷ ሲስተር ታመው ትዝታቸው ተምታታ። ጊዜው አይጠብቀኝም።

የምፈልገው ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ በእስክሪብቶው እየሣልኩ፣ እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው “ወደዚህ ሳቢው፣ አዎ፣ እዚያ ጋ ተይው” እያሉኝ የምጨርስበትን ነው። ፋይሉ ግን ከባድ ነው፣ ከመቶ በላይ ሌየር አለው። አባባ ሌየር ምንድን ነው ሲለኝ “ተነባብሮ የተቀመጠ መስታወት ነው፤ በአንዱ ላይ የሣልከው የሌላውን አይነካም፤ ስትፈልግ ታሳየዋለህ፣ ስትፈልግ ትሰውረዋለህ” አልኩት። “እኛ በአንድ መስታወት ነበር የምንሠራው” አለኝ።

እዚህ ያለው ሻጭ ሁሉንም ዕቃ “ሁሉን ይችላል” ነው የሚለው። ሁሉን እችላለሁ የሚል ወንድ አግብቼ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ ቀለም ታውቃለህ፣ ሱቁም በእግርህ የምትደርስበት ነው። እባክህ ምረጥልኝ፤ እስክሪብቶው አባባ ፎቶ ያርምበት ከነበረው ብሩሽ ጋር ይወዳደር እንደሆነም ንገረኝ። ሥራህስ እንዴት ነው?

እህትህ

ጥቅምት 6

ለእታለም፣

አባባን ስሚልኝ። በእርምጃዬ ያውቀኝ እንደሆነ አንድ ቀን ሳልናገር መጥቼ እፈትነዋለሁ።

እስክሪብቶው ከአባባ ብሩሽ ጋር ይወዳደራል ወይ ላልሽው፣ እንደየታብሌቱ ነው። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ አንዱ ሻጭ ሥራ ፈላጊ መስዬው ማመልከቻ አምጣ አለኝ። ሦስት አስቀርቻለሁ።

የመጀመሪያው ስስ ነው፣ እንደ ደብተር፤ ቦርሳሽ ውስጥ መኖሩንም ትረሺዋለሽ። እስክሪብቶው ግን እጅሽ ሄዶ መስመሩ ከኋላ የሚከተል ነው፤ እንደ ሰነፍ አሽከር። ሁለተኛው ጉልበተኛ ነው፣ ስክሪኑም ሰፊ፤ ነገር ግን ጭንሽ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ጭንሽ ይደነዝዛል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ሦስተኛው ከኋላው የሚዘረጋ እግር አለው። እስክሪብቶውን ስትጫኚው መስመሩ ይወፍራል፣ ስታላሊው እንደ ፀጉር ይቀጥናል፤ ስታጋድይውም ልክ እንደ እርሳስ በጎኑ ያጠላል። ወድጄዋለሁ፣ ግን ገና አላመንኩትም። ምክንያቱም ሻጮቹ የሚከፍቱልኝ ሁልጊዜ ያችኑ የአበባ ፎቶ ነው። በአበባ ፎቶማ ማን ይወድቃል።

ስለዚህ ካለሽ ፋይል ሁሉ ከባዱን ላኪልኝ። የነርሶቹን ማለቴ ነው። አንዱ ሱቅ ያለውን ጓደኛዬን ለምኜ ሦስቱንም ለሁለት ቀን አስመጣለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ካለው የቀለም ማያ መብራት ሥር አስቀምጬ እፈትሻቸዋለሁ። ለሙከራ ብቻ ነው። እንደጨረስኩ እደመስሰዋለሁ፣ ቃሌ ነው።

ሥራ እንዴት ነው ብለሻል። ሥራ ደህና ነው። አዲስ ማተሚያ ገብቷል፣ ቀለሙን ራሱ ይመጥናል። እኛ ደግሞ ሲመጥን እናየዋለን።

ወንድምሽ

ጥቅምት 24

ለጩጬው፣

ፍላሹ በደህና ስለደረሰህ ደስ ብሎኛል። ካሸግሁት በኋላ መልሼ ልከፍተው ነበር። ከእጄ ወጥቶ አያውቅማ።

“በሦስተኛው ረድፍ በስተግራ ጥግ ያለችው ብቻ ለምን እድፍ ሆና ቀረች? በላይዋስ ለምን የተዘጋ ሌየር አለ?” ብለህ በስልክ ጠይቀኸኛል። እውነትህን ነው፤ ገና ያላረምኳቸውን ፊቶች እንኳ ለጊዜው በግምት ሞልቻቸዋለሁ። ሳታውቅ እንዳትነካው ስለምፈልግ እነግርሃለሁ። ከአንተ አይለፍ።

እሷ ረጅሟ ሲስተር ናቸው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ የሚኖሩት፣ ለሰላምታ እንኳ ጎንበስ የሚሉት። ገና ልጅ ሳሉ ተዳሩ። ባልየው ሁለት ጊዜ ክንዳቸውን ሰብሮታል፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያማቸዋል። ሦስተኛው ሳይመጣ ወጡ። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ የባል ቤተሰብ ልጁን ከለከላቸው። ስማቸውን ቀይረው እዚህ መጥተው ትምህርት ገቡ። ከዓመታት በኋላ እንደሰሙት፣ ለልጁ “እናትህ ሞታለች” ተብሎ ተነግሮታል።

“ልጄ አልቅሶ ጨርሷል። ደግሜ አላስለቅሰውም” አሉኝ። ባልየው ይሙት ይኑር አያውቁም። ከአርባ ዓመት በላይ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ድቡሏ ሲስተር የያዙት ያ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የሚያስጨንቃቸው የነበረው፤ ውሃ በላው ሲባሉ ግን አለቀሱ።

እናም እንዲህ ተስማማን። ፊታቸውን እሠራለሁ፣ ለእሳቸው ብቻ፣ አንድ ቅጂ። “ወጣት ሳለሁ ምን እመስል እንደነበር አንድ ጊዜ ልየው” ነው ያሉት። ለስምንቱ በሚሰጠው ላይ እድፉ እንዳለ ይቆያል። ስምንቱም ያውቃሉ፤ ያን ሁሉ ዘመን አፋቸውን ይዘዋል። ሌየሩን “አይከፈት” ብዬ የሰየምኩት ለዚህ ነው። ያን ፊት ለመሥራት አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ከንፈራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ፈገግታ የት እንደምታልቅ እስክናገኛት ድረስ ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

ሞክርና ደምስሰው። ስትደመስሰው ንገረኝ።

እህትህ

ኅዳር 8

ለእታለም፣

ተለየ። ሦስተኛውን ነው የምትወስጂው፣ እግር ያለውን።

ስሱ ፋይልሽን ከፍቶ ሠላሳ ሌየር ድረስ ደህና ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር ሄጄ ውሃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ጉልበተኛው ሁሉንም ተሸከመ፤ ነገር ግን በአርባ ደቂቃው ጋለ፣ ባትሪውም ከሁለት ሰዓት አላለፈም። በዚያ ላይ ስክሪኑ ብልጭልጭ ስለሆነ መስኮት አጠገብ ስትቀመጪ የምታዪው የራስሽን ፊት ነው። ሦስተኛው መቶውንም ሌየር ይዞ አራት ሰዓት ተኩል ሠራ። ሚሞሪው ትልቅ የሆነውን ነው የምልሽ፤ አነስተኛውን ይዘው ቢመጡልሽ እንዳትቀበያቸው፣ መልኩ አንድ ነው። ስክሪኑ ብርሃን አይመልስም። ያሳሰበኝ የቆዳው ቀለም ነበር፤ ጉልበተኛው ጠይሟን ሁሉ ወደ ቀይ ይወስዳታል። ይኸኛው ግን ከታተመው ወረቀት ጎን አስቀምጬ በቀን ብርሃን መብራት ሳየው የአንዷም ፊት አልተለወጠም። እስክሪብቶው ጫፍና መስመሩ መካከል ክፍተት የለም፤ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ መሥራት ትችያለሽ።

ስሞክር ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ብዙ ቆየ። “ይህ ሥራ ነው” አለ። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ታብሌቱን ገዝቼ አብሬ ልኬዋለሁ፣ ከካርቶኑ ጋር ይደርስሻል። ስለ ዋጋው እንዳትጠይቂኝ፤ ከእኔ ነው። ለእናንተ የሚሆን ደስ የሚል ወሬም አለኝ፤ ሲበስል እነግራችኋለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 4

ለጩጬው፣

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። እግዜር ይስጥህ። ይህን የሚያህል ነገር አልጠበቅኩም፤ ምረጥልኝ አልኩ እንጂ ግዛልኝ መቼ አልኩህ።

ድቡሏ ሲስተር ቤት ሄድኩ። ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አደረግሁት፤ እንዳልከው ብርሃኑ አላስቸገረኝም። መሐል ረድፍ ላይ የነበረችውን፣ የዛሬ ሃያ ዓመት የሞተችውን ጓደኛቸውን፣ በግምት የሞላኋትን፣ ማረም ጀመርን። “አፍንጫዋ ጫፉ ላይ እንደ መቆንጠጥ ያለ ነበር” አሉ፤ ቆነጠጥኩት። “ጥርሷ ከፊት ትንሽ ይወጣል፣ ታፍርበት ነበር፣ አፏን ጠበቅ ታደርገዋለች” አሉ። ጠበቅ አደረግሁት። ከዚያ እጃቸውን ከስክሪኑ በላይ ይዘው ቆዩና “መጣች” አሉኝ። ከምሳ በፊት ጨረስን። ቀድሞ ቢሆን ሦስት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

አባባ ታብሌቱን በእጁ መዝኖ “ልጄ መምረጥ ያውቃል” አለ። ያልከው ደስ የሚል ወሬ ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ እሱ እንደሆነ ሊያገባ ነው ብሎ ደምድሟል።

አንድ ነገር ግን አልመለስክልኝም። ፋይሉን ደመሰስከው?

እህትህ

ጥር 12

ለእታለም፣

ዝም ስላልኩ ይቅርታ፣ ፋታ አጣሁ። የምርቃት ዝግጅት ነበረብን፤ ማተሚያ ቤቱ አዲስ አዳራሽ ከፍቷል። አላገባሁም፣ አባባን አትጨነቅ በይው። የጠየቅሽውን ሁሉ ስመጣ በአካል እንነጋገራለን። ለአባባ አንድ ጋዜጣ በፖስታ ልኬለታለሁ፣ በስሙ። ስላንቺ ያላነሣሁት ጋዜጣው ላይ ቦታ ስለጠበበ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

ቀለሙ በዚህ ወር ሰማያዊው አንሷል፤ በሚቀጥለው እሞላለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 14

ለወንድሜ፣

ለመጻፍ አሥር ቀን ፈጅቶብኛል። አራት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ጋዜጣው ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ አይቶት ኖሮ ለአባባ “የልጅህ ስም ከነፎቶው ወጥቷል” አለው። አባባ ወደ እኔ ዘረጋልኝና “አንብቢልኝ” አለኝ። አነበብኩለት። የማተሚያ ቤታችሁን አዳራሽ፣ ግድግዳውን የሞላውን ፎቶ፣ “የጠፉ ፊቶችን የመለሰ ባለሙያ” የተባለበትን መስመር፣ ስምህን። አንተ ፎቶው ፊት እጅህን አጣምረህ ቆመሃል። ከትከሻህ በላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ጥግ፣ ረጅሟ ሲስተር ፈገግ ብለዋል። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ነው የፈለግኳት።

ድምፄን ሳልለውጥ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አባባ “ድገሚልኝ” አለኝ። ደገምኩለት። “ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ለጥፊው” አለኝ። ለጠፍኩት።

ስለ እኔ ያላነሣኸው ቦታ ስለጠበበ ነው ብለሃል። እኔን አይደለም የጠየቅኩህ። እኔንማ ብትዘለኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስዘለል ኖሬያለሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው፣ ረጅም፤ ሲገባ ባርኔጣውን አወለቀ። አባባ በእርምጃው አላወቀውም። ሰውየው ከኪሱ የጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። “እናቴ ናት። ከዚህ ሌላ የለኝም። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ላይ አየኋት፣ ጥግ ላይ ያለችው ረጅሟ ነርስ። ወንድምሽን ጠየቅሁት፣ እህቴ ታውቃለች ብሎ ወደዚህ ላከኝ” አለ።

“አላውቃቸውም” አልኩት። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ለመሄድም ተነሥቶ ነበር። ያኔ አባባ ከወንበሩ ሆኖ፣ እንግዳ ለመርዳት፣ “ረዥሟን ነው የምትፈልገው? ከጤና ጣቢያው ጀርባ ናት፣ አረንጓዴ በር” አለው።

አባባን ምን ልበለው? ለሰው መንገድ ማሳየት ጥፋት ነው ልበለው?

ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ቆመ። አንኳኩቶ ይቆማል፣ ደግሞ ያንኳኳል። አልከፈቱለትም። አድራሻውን በወረቀት ጽፎ በበሩ ሥር አስገብቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እኔ ሄድኩ። ረጅሟ ሲስተር መስኮታቸውን ገርበብ አደረጉ።

“ለስንት ሰው አሳየሽው?” አሉኝ።

“ለአንድ” አልኳቸው። “ለወንድሜ።”

“እኔ ለወንድምሽ አልነገርኩም” አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ቅጂ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን፣ በመስኮቱ አሳልፈው ሰጡኝና ዘጉት። በማግስቱ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የት እንደሄዱ ድቡሏ ሲስተርም አያውቁም፣ ወይም አውቀው አይነግሩኝም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎችህን አልጋ ላይ በተርታ ዘርግቼ እያነበብኩ ነው። የትኛው ጋ እንደሆነ እፈልጋለሁ። ስለ ባትሪው ስትጽፍልኝ ነበር? ስለ ጠይሞቹ ቆዳ ስትጨነቅ? ታብሌት እየመረጥክልኝ ነበር ወይስ ፋይሉ እጅህ እንዲቆይ ምክንያት እየፈለግህ? መቼ ነው የከፈትከው? ቀኑን ንገረኝ።

እህትህ

የካቲት 27

ለእታለም፣

ኅዳር 5። ስለ ታብሌቱ ከጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሦስት ቀን ቀድሞ።

የሚከተለውን ምክንያት ብለሽ አትያዥው። ሥራ ደህና ነው ብዬሽ ነበር፤ ደህና አልነበረም። አዲሱ ማተሚያ ሲገባ ከክፍላችን ሁለት ሰው ተሰናበተ፣ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤዬ ተጽፎ ፊርማ ነበር የሚጠብቀው። የዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ መጥቶ ፋይልሽን አየ። “ያንተ ሥራ ነው?” አለኝ። ዝም አልኩ። አዎ አላልኩም፣ እታለም፣ ዝም ነው ያልኩት። እሱ ዝምታዬን እንደ ትሕትና ቆጠረው። “ለአዳራሹ ምርቃት ይህን ነው የምናትመው፤ ይቺ ጥግ ያለችው እድፍ ግን ሥራው ያላለቀ ያስመስለዋል፣ ጨርሳት” አለኝ። የጻፍሽልኝ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሁሉንም አውቃለሁ። እጄ አንዴ ነክቶ ከፈተው። ፊታቸው መጣ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ታተመ፣ እድገት ተሰጠኝ። ታብሌቱንም ራሴ አልገዛሁትም፤ በዚያው ሳምንት ሽልማት ምረጥ ሲሉኝ እሱን ነው ያልኩት። ምርጫው ግን እውነት ነበር። በሦስቱ ቅዳሜዎች የዞርኩት እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ ያንን ብቻ እመኚኝ።

ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ግድግዳውን በእጁ ነክቶ ሲያለቅስ አየሁት። ምን ልበለው? አላውቅም ልበለው? እናትና ልጅ እንዲገናኙ መንገድ ካሳየሁ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ምናልባት አንድ ቀን ይመርቁኝ ይሆናል።

ታብሌቱን መልሰህ ውሰድ ልትይኝ ትችያለሽ። ፎቶውን ከግድግዳው አስነሣ ብትይኝ እጠይቃለሁ፣ ግን እሺ የሚሉኝ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ ለአባባ አትንገሪው። መጋቢት 20 እመጣለሁ። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 13

ለወንድሜ፣

ጤንነታችን ደህና ነው። የጠየቅከኝን በየተራ እመልስልሃለሁ።

ታብሌቱን አልመልስም። በእሱ ላይ አምስት ፊት ጨርሻለሁ፣ የቀሩኝ ሦስት ናቸው፣ የሚያስታውሷቸው ሰዎች ደግሞ እያለቁ ነው። ስለ ስክሪኑም፣ ስለ እስክሪብቶውም፣ ስለ ሚሞሪውም የጻፍከው አንዱም አልተሳሳተም። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። በየቀኑ አንዴ ስከፍተው ሽልማት መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ሲስተሮቹን ቤት ለቤት ዞሬ ራሴ ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ነግሯቸው እንዲሰሙ አልፈለግሁም። አንዷ በሩን አልከፈቱልኝም። አንዷ አለቀሱ። ሦስቱ ግን ጋዜጣውን አምጪልን አሉኝ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳዩ። ድቡሏ ሲስተር ሳይቀሩ “እኔስ ቆንጆ ሆኜ ወጥቻለሁ” አሉ፣ ከዚያ ረጅሟን አስታውሰው ፊታቸውን አዞሩ። ልቆጣቸው አልቻልኩም። የአንተን ነገር የከፋ ያደረገብኝ ይህ ነው፤ ሥራው ቆንጆ መሆኑን ስታስነግር ሁሉም ትንሽ ትንሽ ደስ እንዲለው አደረግህ፣ እኔንም ጭምር። ጋዜጣው ላይ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ሳየው መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ለአንድ አፍታ። ከዚያ ነው ጥጉን ያየሁት።

ረጅሟ ሲስተር ባለፈው ሰኞ መጡ።

ደረጃውን ቆም እያሉ ሲወጡ አባባ “ረዥሟ ናት” አለኝ። እሱ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አልፈው መብራቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“አንሺኝ” አሉኝ።

“ምን ዓይነት ይሁን?” አልኳቸው።

“አሁን እንዳለሁት። ልጄ ግድግዳው ላይ ያለችውን ልጃገረድ አይቷል፤ እሷ ግን የለችም። ያለሁትን ይይ።”

አነሣኋቸው፤ ወደ ታብሌቱ አስተላልፌ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ብዙ ጊዜ ራሳቸውን አዩ። እጄ ለምዶበት እስክሪብቶውን አንሥቼ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ ላለሰልስ ስል እጄን ያዙኝ። “ምንም እንዳትነኪ” አሉኝ። አልነካሁም። አተምኩት። ሰውየው የተወውን አድራሻ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። “አንቺ ራስሽ አድርሽው፤ በፖስታ አይሆንም፣ በሰውም አይሆንም። ይህን ካየ በኋላ መምጣት ከፈለገ ይምጣ፣ በሬ ላይ ግን አይቁም፤ መጀመሪያ ይጻፍልኝ” አሉኝ። ሐሙስ ሄጄ ሰጠሁት። ቆሞ ነው ያየው። ጀርባውን ገልብጦ አየ፤ ምንም ያልተጻፈበት መሆኑን ሲያይ “ስሟ አሁን ማን ነው?” አለኝ። እሳቸው እንዲነግሩት ተውኩት።

ይመርቁኝ ይሆናል ብለሃል። ስምህን አላነሡም። እኔንም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ፎቶው ሲታተም አጠገቤ ቆመው ጠበቁ፤ ፋይሉን ከታብሌቱ ስደመስስ በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ አልሄዱም። ከአሁን በኋላ ማንም እንዲህ አጠገቤ ሲቆም ትዝ የምትለኝ አንተ ነህ።

መጋቢት 20 መምጣትህን ሰምቻለሁ። ና። ቤትህ ነው፣ አባትህም ናፍቆሃል። ከእኔ ጋር ግን እንደ ድሮው ጩጬው እየተባልክ የምትቀመጥበት ጊዜ መቼ እንደሚሆን አላውቅም፣ ቀን አልሰጥህም።

ለአባባ አትንገሪው ላልከኝ፣ አልነገርኩትም። ደንበኛ በገባ ቁጥር ጋዜጣውን ያስነብበዋል፤ የማያውቁት መንገደኞች እንኳ ቆመው ያነቡለታል፣ እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ትናንት ጠራኝና “ከእነዚህ ውስጥ እሱ የሠራው የትኛውን ፊት ነው? እስቲ ጣቴን አስነኪኝ” አለኝ። እጁን ያዝኩት፤ የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

“ሲመጣ ራሱ ያሳይሃል” አልኩት።

ፀጉሩን ለመስተካከል ቀጠሮ ይዟል። ሸሚዙንም ተኩሼለታለሁ። መጋቢት 20 ጠዋት ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል።

እህትህ